ጎታቹ የሰው፣ ተጎታቹ የናንተ!
የሚጎተት ማደሪያ ልታሠሩ ያሰባችሁ እስቲ ቆም በሉ



የአዲስ አበባ ሰው ድንኳን ሲባል ትዝ የሚለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ሰርግ ወይ ለቅሶ። መንገድ ዳር ሸራ ተወጥሮ ካየ «ማን አገባ?» አለዚያም «ማን ሞተ?» ይላል እንጂ «ማን ለሽርሽር ወጣ?» የሚል የለም። ግን እኮ ነገሩ ለኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ንጉሡም ጦሩም ሲጓዝ ውሎ የሚሰፍርበት ቦታ ማለት ነው። ጎንደር እስክትቆረቆር ድረስ ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን አንድ ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነበር፤ ዛሬ እዚህ ይተከላል፣ ነገ ይነቀላል። ታዲያ የዛሬ ልጆች ቅዳሜና እሁድ ከተማውን ጥለው ሜዳ ላይ ማደር ቢያምራቸው ምን ይደንቃል? የአያት ነው!

የሚደንቀውስ ሌላ ነው። በየስልካችሁ ላይ የምታዩት የፈረንጅ ተጎታች ቤት አለ አይደል? አልጋው የተነጠፈ፣ ምድጃው የተለኮሰ፣ በሩ ላይ መብራት የተንጠለጠለ፣ ጥንዶቹ ሐይቅ ዳር ቡና ይዘው ፈገግ ያሉ… እሱን አይቶ ልቡ ያልሸፈተ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱት መልእክቶች አንዱ ይኸው ሽፍት ያለ ልብ ነው። ላኪው ከአቃቂ ቃሊቲ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። ነገሩን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። በብረታ ብረት ሥራ ነው የምተዳደረው፤ ብየዳ እጄ ነው። እጮኛ አለችኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ነው ያሰብነው። እቁብ ወጥቶልኛል። ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለሰርጉ ነበር የታሰበው፤ እኔ ግን ግማሹን አውጥቼ የሚጎተት ማደሪያ ልሠራ ፈለግኩ። እኛም ላንጋኖ፣ ወንጪ እንሄድበታለን፣ በሌላው ጊዜ ለሽርሽር ለሚወጡ ልጆች አከራየዋለሁ። የሚጎትተው የአጎቴ ሂሉክስ አለ። ችግሬ ዓይነቱን መምረጥ ነው፤ ባለ ሸራው ይሻላል ወይስ ሙሉ የላሜራው? ለአሮጌ ሻንሲና አክስል ቀብድ ከፍያለሁ። እሷ ግን አታውቅም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስተዋላችኋት? እኔም አስተውያታለሁ። መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ፤ ለአሁኑ ልጁ የጠየቀኝን ልመልስ።

ለዚህ ጽሑፍ ስል ከሳሪስ ተነስቼ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ወረድኩ። አቃቂ ቃሊቲ እንደምታውቁት የመኪና አገር ነው። ከጉምሩኩ አካባቢ ጀምሮ ተሳቢ የጫነው፣ ያራገፈው፣ የሚጠገነው ተደርድሮ ይውላል። በየጋራዡ ደጃፍ የብየዳው ብልጭታ ዓይን ያጠፋል። «ተሳቢ እንዴት ይመረጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የሚያጣ የለም። አንድ ሠላሳ ዓመት የነዱ ሾፌር ጋቢናቸው ውስጥ ካለችው አልጋ ላይ ተቀምጠው ያጫወቱኝን ጨምሬ፣ የተማርኩትን በተራ አስቀምጬላችኋለሁ።

ስንት ናችሁ? ወዴትስ ነው?

ሰው ሁሉ ከዕቃው ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከመንገዱ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆማችሁ አስቡት። ከዚያ የሚነሳው የአዳማው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ስምጥ ሸለቆው መውረድ ቀሏል። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ይጠጋል፣ ሌሊቱም ለብ ያለ ነው። ለዚያ ቀጭን ድንኳንና አጎበር ይበቃችኋል። ወንጪ ግን 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከዚያ ደግሞ ሌላው ቱሉ ዲምቱ አለላችሁ፤ ባሌ ተራሮች ላይ ያለው፣ 4,377 ሜትር የሚረዝመው! ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ባሌ ቱሉ ዲምቱ ሊደርስ ያሰበ ሰው ስሙ አንድ ነው ብሎ አንድ ዓይነት ልብስና አንድ ዓይነት ድንኳን ቢይዝ ሳነቴ ሜዳ ላይ ውኃው በረዶ ሆኖ ያነጋለታል።

ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ላንጋኖ ለምትሄዱት፣ ስድስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ባሌ ለምትወጡት፣ ሕፃን ይዛችሁ ቢሾፍቱ ለምታድሩት የሚሆነው ማደሪያ ለየቅል ነው። «ለሁሉም የሚሆን» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ለራሱ የሚሆነውን ነው የሚሸጥላችሁ።

ዓይነቶቹ

አንደኛው የመሬት ድንኳን ነው። የሁለት ሰው ከሆነ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ነው፤ በጀርባ ይዛችሁት አውቶቡስ ትሳፈራላችሁ። መኪና አይጠይቅም፣ ታርጋ አይጠይቅም። ጉድለቱ ከመሬቱ ጋር ነው። የአቃቂን ጥቁር አፈር በክረምት የረገጠ ያውቀዋል፤ ውኃ አይጠጣም፣ ጫማ አይለቅም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ረግረግ ላይ እንዳደረ ይቁጠረው።

ሁለተኛው ከመኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው ነው። አስጎብኚዎች ላንድክሩዘር ላይ ጭነውት ታያላችሁ። ከጭቃም ከአውሬም ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ፖርቶ መጋላው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ድንኳኑ ብቻውን 50 እና 60 ኪሎ ይመዝናል፣ እናንተ ስትጨመሩበት ደግሞ አስቡት። ሌላው ጣጣ፣ ሌሊት አንዱን ሆዱን ቆርጦት ሐኪም ቤት መሄድ ቢያስፈልግ መጀመሪያ ድንኳኑ መታጠፍ አለበት።

ሦስተኛው ታጣፊው ባለ ሸራ ተሳቢ ነው። ሲጎተት ዝቅ ያለ ሳጥን ነው፤ ሲደርሱ ሸራው ይዘረጋል፣ አልጋው ይወጣል። ቀላል ነው፣ ነፋስም ብዙ አይመታውም። ሸራው ግን እርጥብ ሳለ ታጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል።

አራተኛው ትንሿ ባለ ጠንካራ ግድግዳ ተሳቢ ናት፤ ፈረንጆቹ በእንባ ጠብታ ቅርጽ የሚሠሯት። ውስጧ ሁለት ሰው ያስተኛል፣ ማብሰያው ከኋላ ክዳን ተከፍቶ ውጭ ነው። ለጥንዶች ከሁሉ ትመቻለች።

አምስተኛው ትልቁ ካራቫን ነው። እኛ አገር ካራቫን ስንል በመንገድ ሥራ ካምፖች ለቢሮና ለመኝታ የሚቆመውን ነው የምናውቀው። እሱ አንዴ ተወስዶ ለዓመት ለሁለት ዓመት ይቆማል እንጂ በየሳምንቱ እየተጎተተ ለመዝናኛ የሚሄድ አይደለም። «ርካሽ አገኘሁ» ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ስድስተኛውን ማንም አያስበውም፤ ምንም አለመጎተት! አሮጌ ሚኒባስ ወንበሩ ወጥቶ አልጋ ሲገባለት ሞተሩም ቤቱም አንድ ላይ ሆነ ማለት ነው።

ላሜራው ስንት ይመዝናል?

አሁን ወደ ወዳጃችን ልምጣ። በያጅ ስለሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ርዝመቱ 2.40፣ ወርዱ 1.50፣ ቁመቱ 1.50 ሜትር የሆነ ሳጥን ቢሠራ ስድስቱም ገጽታ ሲደመር 19 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 1 ሚሊው 150 ኪሎ፣ ባለ 1.5 ሚሊው 225 ኪሎ፣ ባለ 2 ሚሊው 300 ኪሎ መጣ። ይኸ ቆርቆሮው ብቻ ነው! ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ባሌስትራው፣ ጎማው፣ ፍራሹ አልተቆጠረም። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ደግሞ 40 ኪሎ ነው። «ጠንካራ ይሁን» ብሎ ወፍራም ላሜራ የሚመርጥ ሰው ቤት አይደለም የሠራው፤ ካዝና ነው።

ክብደቱ ለምን አሳሰበኝ? ቃሊቲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው ባሕር ዳርቻ ላይ ለክቶ የጻፈው ጉልበት እኛ ዘንድ አንድ አምስተኛው የለም። ላንጋኖ ስትሄዱ ቁልቁለት ነው፣ ደስ ይላል፤ እሁድ ማታ ስትመለሱ ዳገቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የመኪናውን መጽሐፍ ክፈቱና የመጎተት አቅሙን አንብቡ። ተሳቢው ከነጭነቱ ከዚያ ቁጥር በታች፣ ራቅ ብሎ በታች መሆን አለበት። ባለ ትንሽ ሞተር የቤት መኪና ያላችሁ ልጆች መጽሐፉ ስለ መጎተት ካልጻፈ ነገሩን እርሱት።

ሌላ የማትዘለል ነገር፤ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ ማያያዣው ላይ መውደቅ አለበት። ተሳቢው ከነዕቃው 400 ኪሎ ከሆነ ከፊት 40 ኪሎ ይጫን። ሚዛን ከባለ ሱቅ ተዋሱና ለኩት። ዕቃውን ሁሉ ከኋላ ከጠቀጠቃችሁት ተሳቢው ጭራውን መቁላት ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ፍሬን መርገጥ የለም፤ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው።

ማቆሙ ነው ጉዱ

ሾፌሩ ያሉኝ ይኸንን ነው፤ ጎትቶ መሄድ ለማንም አይከብድም፣ ማቆሙ ነው ጉዱ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይን በረሃ አስቡት፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት ነው። እዚያ ላይ እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሸራው ይሸታል፣ ቀጥሎ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። በከባድ ማርሽ ወርዶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ነው መድኃኒቱ። በአውሮፓ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚያልፍ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ከሌለው መንገድ አይወጣም። እናንተም ይህን ቁጥር አትለፉት።

የተሳቢው ጎማ ከመኪናው ጋር አንድ ልክ ይሁን፤ ስኮርታው ለሁለቱም ይሆናል። ማያያዣው ቢለቅ የሚይዝ ሰንሰለት ከሥሩ ይጠላለፍ። የኋላ መብራቱ፣ የፍሬን መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ አንጸባራቂው ይሟላ። ማታ መንገድ ዳር መብራት አጥፍቶ የቆመ ተሳቢ ምን እንደሚያደርግ ለቃሊቲ ሰው አልነግርም፤ ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል።

ሰኞስ የት ይቆማል?

በዓመት ውስጥ ስንት ሌሊት ትወጣላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። ስድስት? ጥሩ። የቀረውን ሦስት መቶ ምናምን ቀን ተሳቢው የት ነው የሚያድረው? አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ግቢው የባለቤቲቱ ነው። መንገድ ዳር ከቆመ ጎማው ቀድሞ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል።

ወረቀቱም አለ። ብየዳው ሳይጀመር በፊት ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በግል የተሠራ ተሳቢ ታርጋና ቦሎ የሚያገኘው በምን መሥፈርት ነው? የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ተሳቢ ለመጎተት ይበቃል ወይ? የሦስተኛ ወገን መድኑ ተሳቢውንም ይሸፍናል ወይ? የመድኑን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ። ለሰው አከራያለሁ የምትሉ ደግሞ ይኸኛውን ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ ተከራዩ ገደል ቢገባ የሚጠራው የናንተ ስም ነው። ከውጭ አስመጣለሁ የምትሉትም ከመክፈላችሁ በፊት ትራንዚተር ጋ ሄዳችሁ ቀረጡን አስልቱ።

ሌሊቱ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብ ነበር። ይኸኛው ግን ስለ ነፍስ ነው።

ከሰል ማንደጃ ድንኳን ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ተሳቢ ውስጥ አይገባም። በቃ! ውጭ ቡና ፈልቶበት፣ ፍሙ ትንሽ ስለቀረ፣ ብርዱ ስለጠና «ለሙቀት እናስገባው» ይባላል። ከፍሙ የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ያስተኛችኋል፣ ከዚያ በኋላ አያስነሳችሁም። ጭሱ ስላለቀ መርዙ ያለቀ አይምሰላችሁ። የጋዝ ምድጃም ያው ነው። ዙሪያውን ተበይዶ የተደፈነ የላሜራ ሳጥን ደግሞ ያለ ከሰልም መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ፣ ወንፊት ሽቦ ለብሶ። ላሜራ ብቻውን ቀን ምድጃ፣ ሌሊት በረዶ ነው፤ ትንፋሻችሁም ተመልሶ ይንጠባጠብባችኋል። ውስጡ በስፖንጅና በኮምፔንሳቶ ይልበስ።

ወባ በአገራችን በብዛት የምትገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ላንጋኖም አዋሽም ከዚያ በታች ናቸው። አጎበር ያዙ። ውኃ ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ቁጠሩ። ቦታውን ደግሞ በቀን ድረሱበት፤ በፓርክ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱን፣ በሌላ ቦታ ከሆነ የቀበሌውን ሰዎችና ያገሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ፣ አስፈቅዱ። የጸጥታው ነገር ከቦታ ቦታ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያልና ሳይጠይቁ መሄድ ጀግንነት አይደለም።

እንግዲህ ለልጁ

ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ዓይነቱን ነው፤ መልሱ አጭር ነው። ሁለት ሰው ናችሁ፣ መንገዳችሁ ላንጋኖና ወንጪ ነው፤ ከተሠራ ትንሿ ባለ ጠንካራ ግድግዳ ትሻልሃለች፤ ላሜራው ቀጭን፣ ውስጡ የለበሰ፣ ከነጭነቱ ከ500 ኪሎ ያልበለጠ።

ግን «ከተሠራ» ብያለሁ። የጻፍከውን ደግመህ አንብበው። የሚጎትተው የአጎትህ ሂሉክስ ነው። አጎትህ ቅዳሜ እህል ሊያመጣ ከወጣ ማደሪያህ ግቢ ውስጥ የቆመ ሳጥን ነው። ለተከራይ ተሳቢውን ስትሰጥ መኪናውንም ልትሰጥ ነው? ለዚያስ አጎትህ ፈቅዷል? ጎታቹ የሰው፣ ተጎታቹ ያንተ ከሆነ ኪራዩ ንግድ አይደለም፤ ልመና ነው።

ሒሳቡንም እንዲህ ሥራው። ጠቅላላ ወጪውን ጻፍ፤ ብረቱን፣ ጎማውን፣ መድኑን፣ ማቆሚያውን። በዓመት ስድስት ሌሊት ካደራችሁ በሦስት ዓመት 18 ሌሊት ነው። ወጪውን ለ18 አካፍለው። የወጣው ቁጥር ላንጋኖ ዳር ካለ ጥሩ የእንግዳ ማረፊያ የአንድ ሌሊት ዋጋ ከበለጠ፣ አንተ የሠራኸው ቤት ሳይሆን ውድ ሆቴል ነው፤ አልጋውን ራስህ የምታነጥፍበት።

የኔ ምክር ይኸ ነው። ዘንድሮ ድንኳን ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ሦስት ጊዜ ውጡ፤ አንዱ በብርድ፣ አንዱ በሙቀት፣ አንዱ ዝናብ እያስፈራራ። ከሦስተኛው ስትመለሱ እሷ «መቼ ነው የምንደግመው?» ካለች ያኔ ብየዳህን አንሳ። ያንን አሮጌ ሻንሲ ግን ሻጩ ቀብዱን ከመለሰ መልስለት፤ ካልመለሰ ሜዳ ተሳቢ አድርገው፣ ሰኞ ለአጎትህ ብሎኬትና አሸዋ ይጎትታል፣ ገንዘቡንም ያስገባል፤ አልጋው በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «እሷ ግን አታውቅም።» እቁቡን ስትጥል ከጎንህ ሆና ከምሳዋ የቆጠበችው እሷ ከሆነች፣ ገንዘቡ ያንተ ብቻ አይደለም። በስውር የተሠራ አልጋ ላንጋኖ ዳር ቢዘረጋም እንቅልፍ አይወስድበትም። ሴቲቱ ምናልባት ሐሳቡን ከአንተ በላይ ትወደው ይሆናል፤ የማትወደው ከሌላ ሰው መስማቷን ነው።

እኔ ስምህን አልጠቀስኩም። ነገር ግን ብየዳ የሚያውቅ፣ እቁብ የወጣለት፣ አጎቱ ሂሉክስ ያለው የቃሊቲ ልጅ ስንት አለ? ጋዜጣችን ቅዳሜ ይወጣል። ይኸ ጽሑፍ ለማተሚያ ከመሄዱ በፊት ደውዬ ነግሬሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ዓርብ ማታ ንገራት።

ለሁላችሁም መልካም መንገድ። ቸር እንሰንብት!